የኮሌጁን ኮርስ ከትምህርት ቤቱ ማኅበራዊ ጥናት ጋር ማናበብ፦ ደረጃ በደረጃ

«አዲሱ የተማሪ መጽሐፍ ገብቷል፤ የእኛ ሞጁል ግን ያው የዱሮው ነው። ከየት እንጀምር?» ይህን ጥያቄ ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ባልደረቦች ደጋግሜ ስለምጠየቅ፣ በየስልኩ ከማስረዳት አሠራሩን በጽሑፍ ላስቀምጠው ብዬ ነው። መመሪያው የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ማኅበራዊ ጥናት (ብዙዎቻችን አሁንም «ኅብረተሰብ» የምንለው) መምህራንን ለሚያሠለጥን የትምህርት ክፍል የተዘጋጀ ነው። የትምህርት ክፍል ኃላፊ ብትሆኑም፣ አንድ ኮርስ ብቻ የምትሰጡ መምህር ብትሆኑም ትሠሩበታላችሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንግባባ። በኮሌጁ «የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ» የሚል ኮርስ፣ በተማሪው መጽሐፍ ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ መልክዓ ምድር የሚያወራ ምዕራፍ ስላለ ብቻ ሁለቱ ተናብበዋል አይባልም። ተናብበዋል የሚባለው፣ ከኮሌጁ የሚወጣው መምህር ያንን ምዕራፍ 60 ልጅ በተቀመጠበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ፣ በጠመኔና በአንድ መጽሐፍ ማስተማርን ኮሌጅ ሳለ ተለማምዶት ከሆነ ነው። ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚፈትሹት ይህንኑ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የተማሪ መጽሐፍ እና የመምህሩ መምሪያ፣ ተመራቂዎቻችሁ በሚመደቡበት ክልል የታተመው። እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ መጻሕፍት በክልል ደረጃ ስለሚዘጋጁ የሌላ ክልል መጽሐፍ ከቴሌግራም አውርዶ መሥራት አያዋጣም፤ ምሳሌዎቹና የቦታ ስሞቹ ይለያያሉ።
• መርሐ ትምህርቱ፣ ዝቅተኛ የመማር ብቃት ከተዘረዘረበት ክፍል ጋር። መጽሐፉ ብቻ አይበቃም፤ መጽሐፉ ምን እንደተጻፈ ሲነግራችሁ መርሐ ትምህርቱ ተማሪው ምን ማድረግ መቻል እንዳለበት ይነግራችኋል።
• የኮሌጁ ኮርስ አውትላይኖች (የየኮርሱ ዝርዝር ዕቅድ) እና ሞጁሎች፦ የጂኦግራፊ፣ የታሪክ፣ የሥነ ዜጋ፣ የማኅበራዊ ጥናት ማስተማሪያ ዘዴ።
• ያለፉት ሁለት ዓመታት የሚድና የፋይናል ፈተናዎች። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በአውትላይኑ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ በክፍል የተሰጠው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ እውነቱን የሚናገረው ፈተናው ነው።
• የፕራክቲከም (ሠልጣኙ ትምህርት ቤት ተልኮ የሚሠራው የማስተማር ልምምድ) መመሪያና ጥቂት የሠልጣኞች ፖርትፎሊዮ (ከልምምዱ የተሰበሰበ የሥራ ማኅደር)።
• ትልልቅ ወረቀትና ማርከር፣ ወይም ኮምፒውተር ካለ ኤክሴል።
• ሰው፦ ከላይ ከተጠቀሱት ኮርሶች ቢያንስ አንድ አንድ መምህር፣ ማኅበራዊ ጥናትን አሁን በክፍል የሚያስተምሩ ሁለት የትምህርት ቤት መምህራን፣ የጉድኝት ማዕከሉ (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘር። ለትምህርት ቤት መምህራኑ በዲኑ በኩል ለርዕሰ መምህራቸው ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ ያለ ደብዳቤ ከክፍል ቀርተው እንዲመጡ መጠበቅ ችግሩን በእነሱ ላይ መጣል ነው።

ሥራውን በፈተና ሰሞን አትጀምሩት። ግማሽ ላይ ይቆምና በሚቀጥለው ዓመት ከዜሮ ይጀመራል።

1. የምታሠለጥኑት ለየትኛው ክፍል እንደሆነ ቁረጡ

ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። በቀድሞው አደረጃጀት ማኅበራዊ ጥናት ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ይሰጥ ነበር። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የአንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ ክፍል ሆኖ፣ 5ኛና 6ኛ ክፍል በአካባቢ ሳይንስ ሥር ገብተዋል። ማኅበራዊ ጥናት ራሱን ችሎ የሚቆመው በ7ኛና በ8ኛ ነው፤ ከ9ኛ ጀምሮ ጂኦግራፊና ታሪክ ለየብቻቸው ይሄዳሉ።

በተግባር ምን ማለት ነው? የማኅበራዊ ጥናት ተመራቂ 5ኛ ክፍል ቢመደብ የሚጠብቀው የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ ነው፤ በውስጡ የተፈጥሮ ሳይንስ ይዘትም አለ። ተመራቂዎቻችሁ እዚያም የሚመደቡ ከሆነ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል መጽሐፍ በሌላ ቀለም ተለይቶ ወደ ሥራው ይግባ። የማይመደቡ ከሆነ አታስገቡት፤ ሥራውን ያለ ጥቅም እጥፍ ያደርገዋል። የት እንደሚመደቡ በግምት አትወስኑ፤ ያለፈውን ዓመት ምድብ ከወረዳ ወይም ከዞን ትምህርት መምሪያ ጠይቁ።

2. የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ በርዕስ ሳይሆን በተግባር ዘርዝሩት

አንድ ምዕራፍ ውሰዱና ተማሪው እንዲሠራው የሚጠበቀውን ሁሉ በግሥ ጻፉ። «ካርታ» ብላችሁ አትጻፉ። «በካርታ መስፈርት (ስኬል) ተጠቅሞ በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን የመሬት ርቀት ያሰላል» ብላችሁ ጻፉ። «የሕዝብ ብዛት» ሳይሆን «ከሠንጠረዥ አንብቦ ባር ግራፍ ይሠራል»።

እንዲህ የምታደርጉት ርዕስ ሁልጊዜ ስለሚገጥም ነው። «ካርታ» የሚል ቃል በኮሌጁ ሞጁልም አለ፤ «ተሟልቷል» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ግሡ ሲጻፍ ግን ጥያቄው ይለወጣል፦ የእኛ ሠልጣኝ ይህን ራሱ ይሠራዋል ወይ? ለልጅ ያሠራዋል ወይ?

ለእያንዳንዱ ተግባር አንድ ረድፍ ስጡ። በረድፉ ክፍሉ፣ ምዕራፉ፣ ተግባሩ፣ መጽሐፉ ያቀረበው መልመጃ ይግባ። የገጽ ቁጥር ለማስታወሻ ጻፉ እንጂ አትመሥረቱበት፤ መጽሐፉ እንደገና ሲታተም ገጹ ይዛወራል፣ ብቃቱ ግን ይቆያል።

3. የኮሌጁን ኮርስ ከጎኑ አስቀምጡና አራት ጥያቄ ጠይቁ

በእያንዳንዱ ረድፍ ፊት አራት ሳጥን አድርጉ፦

ተሰጥቷል፦ ይዘቱ በየትኛው ኮርስ ተሰጠ?
ተለማምዷል፦ እንዴት እንደሚያስተምሩት በዘዴ ኮርሱ ወይም በማይክሮ ቲቺንግ (ሠልጣኙ ጓደኞቹን እንደ ተማሪ አስቀምጦ በሚያስተምርበት አጭር ልምምድ) ተሠራ?
ተሞክሯል፦ በፕራክቲከም በእውነተኛ ክፍል ተሞከረ?
ተመዝኗል፦ በፈተና ወይም በተግባር ሥራ ተለካ?

ሳጥኑን «አዎ» ብሎ መሙላት ክልክል ነው። የኮርሱ ስም፣ የሞጁሉ ክፍል ወይም የፈተናው ጥያቄ ቁጥር ይጻፍ፤ የሚጻፍ ከሌለ ባዶ ይተው። ለራሳችን ኮርስ ለጋስ መሆናችን የማይቀር ነውና ይህች ሕግ ታድናችኋለች።

አንድ ረድፍ ተሞልቶ ሲታይ ይህን ይመስላል። ተግባር፦ በካርታ መስፈርት ርቀት ማስላት። ተሰጥቷል፦ የካርታ ንባብ ኮርስ፣ ክፍል 2። ተለማምዷል፦ ባዶ። ተሞክሯል፦ ባዶ። ተመዝኗል፦ ሚድ ላይ «የካርታ መስፈርትን ተርጉም፤ ዓይነቶቹንም ዘርዝር» የሚል ጥያቄ። እንግዲህ ይህ ሠልጣኝ ትርጉሙን ያውቃል፣ ዓይነቶቹን ይዘረዝራል፤ አንድም ርቀት ሳያሰላ ግን ይመረቃል። 7ኛ ክፍል ገብቶ 6 ሳ.ሜ በ1፡50,000 ካርታ ላይ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚደነግጠው እሱ ነው።

4. ክፍተቱን በዓይነቱ ለዩ

ባዶ ሳጥን ሁሉ አንድ ዓይነት መድኃኒት የለውም። አራት ዓይነት ክፍተት ታገኛላችሁ።

የጎደለ። ትምህርት ቤቱ ይፈልገዋል፣ ኮሌጁ ግን የለውም። ይጨመር።

የተረፈ። ኮሌጁ ብዙ ሰዓት ይሰጠዋል፣ ትምህርት ቤቱ አይነካውም። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ መምህር ከመጽሐፉ በላይ ማወቅ አለበት። ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋን የሚያስተምር ሰው ከፍታ ሲጨምር ሙቀት ለምን እንደሚቀንስ ካላወቀ፣ «ተራራው ለፀሐይ ይቀርብ የለ፣ ታዲያ ለምን ይበርዳል?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ያስጨንቀዋል። የሚቀነሰው የልጅን ጥያቄ ለመመለስም፣ ይዘቱን ለመረዳትም የማያገለግለው ብቻ ነው።

ያልተለማመደ። ይዘቱ አለ፣ የማስተማሪያ ልምምዱ የለም። ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው፤ ለማስተካከልም ከሁሉም ይቀላል፤ የክሬዲት ለውጥ አይፈልግም።

የማይጣጣም። ሁለቱም ጋ አለ፣ ግን አኃዙ፣ ስያሜው ወይም ዘመን አቆጣጠሩ ይለያያል። ይህኛው ላይ ትንሽ እንቆይበት፤ ሠልጣኙን ክፍል ውስጥ የሚያጋልጠው እሱ ነውና።

ዘመን አቆጣጠር። ሞጁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ከሆነ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሆናሉ። ሠልጣኙ የዓድዋን ድል 1896 ብሎ ያጠናል፤ የልጆቹ መጽሐፍ ደግሞ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ይላል። ቀያሪው ሕግ ቀላል ነው፦ ከመስከረም ጀምሮ የአውሮፓውያኑ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ለዚህ ነው የዓድዋ ልዩነት 8 (1896 እና 1888)፣ የመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ልዩነት ደግሞ 7 (1974 እና 1967) የሆነው። ሕጉን ማወቅ ብቻ ግን አይበቃም፤ ሠልጣኙ ለልጆች በጊዜ መስመር ላይ ማስረዳትን ይለማመድ።

የአስተዳደር ካርታ። የቆየ ሞጁል 9 ክልሎች ይላል። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም ከተደራጁ ወዲህ 12 ክልሎችና 2 የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። በኮሌጁ ግድግዳ የተሰቀለውንም ካርታ እዩት።

አኃዝ። የራስ ዳሸንን ከፍታ 4,620 ሜትር የሚሉ የቆዩ መጻሕፍት አሉ፤ 4,550 ወይም 4,533 የሚሉም አሉ። የሕዝብ ብዛትም እንዲሁ ነው። የመጨረሻው ብሔራዊ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ ወዲህ በመጽሐፍ የምታዩት ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። ሠልጣኙ ትክክለኛውን ቁጥር በቃሉ ከመያዝ ይልቅ «ይህ ቆጠራ ነው ወይስ ትንበያ? የመቼ ነው?» ብሎ መጠየቅን ይልመድ። በተማሪ ፈተና ላይ ግን የተማሪው መጽሐፍ አኃዝ እንደሚሠራ ንገሩት፤ ልጁን በሁለት ቁጥር መሐል ማንገላታት ተገቢ አይደለም።

የቃላት ጉዳይም አለ። ሠልጣኙ «ኮንቱር»፣ «ላቲቲዩድ» እያለ ተምሮ በአፍ መፍቻ ቋንቋ በሚሰጥ ክፍል ሲቆም መጽሐፉ የተጠቀመበትን ቃል አያውቀውም። ከመጽሐፉ ላይ የየምዕራፉን ቃላት አውጥታችሁ ከሞጁሉ ስያሜ ጋር ጎን ለጎን የተጻፈ አንድ ገጽ አዘጋጁ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ደረጃ ሠልጣኞች ቶሎ የሚያመሰግኗችሁ በእሱ ነው።

5. ሠንጠረዡን ይዛችሁ ክፍል ግቡ

እስካሁን የሠራችሁት ወረቀትን ከወረቀት ጋር ማነጻጸር ነው። አሁን ሁለት ወይም ሦስት ትምህርት ቤት ሄዳችሁ፣ አንዱ ከከተማ ውጭ ቢሆን ይመረጣል፣ ማኅበራዊ ጥናት ሲሰጥ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። መምህሩን ለመገምገም እንዳልመጣችሁ በመጀመሪያ ንገሩት፤ ያለዚያ ለእንግዳ የተዘጋጀ ትምህርት ነው የምታዩት።

የምትመለከቱት ሦስት ነገር ነው። መጽሐፉ ያዘዘው የቡድን ሥራ በዚያ አግዳሚ ወንበርና በዚያ የተማሪ ቁጥር እንዴት ይሠራል? ስንት ልጅ መጽሐፍ አለው? መምህሩ ለመሣሪያ እጥረት ምን ዘዴ ፈጥሯል?

ሦስተኛው ወርቅ ነው። ለምሳሌ ብዙ መምህራን ከመጽሐፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ካርታ በፍሊፕ ቻርት ላይ አሳድገው ይስላሉ። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን በቁጥር የተጻፈውን መስፈርት እንዳለ ይገለብጡታል። ካርታው በርዝመት እጥፍ ሲያድግ 1፡50,000 የነበረው 1፡25,000 ይሆናል፤ ስለዚህ ከታች የተጻፈው ቁጥር ውሸት ሆነ። በመስመር የሚሳለው መስፈርት ግን ከካርታው ጋር አብሮ ስለሚያድግ ትክክል ሆኖ ይቀጥላል። ይህን ለሠልጣኙ ማስተማር የአሥር ደቂቃ ጉዳይ ነው። በየትኛውም ሞጁል ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ፤ የምታገኙት ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ ነው።

6. ማን ምን መለወጥ እንደሚችል ለዩ

ክፍተቶቹን በሦስት ቁልል አስቀምጡ።

በመምህሩ እጅ ያለ፦ ምሳሌ፣ መልመጃ፣ የቤት ሥራ፣ የክፍል ውስጥ ልምምድ፣ የፈተና ጥያቄ ዓይነት።
በትምህርት ክፍሉና በኮሌጁ እጅ ያለ፦ የሰዓት ድልድል በአንድ ኮርስ ውስጥ፣ የሞጁል ማሻሻያ፣ የኮርሶች ቅደም ተከተል፣ የፕራክቲከም ተግባራት።
ከኮሌጁ በላይ ያለ፦ የኮርስ ስም፣ ክሬዲት፣ አዲስ ኮርስ መክፈት። ይህ ወደ ክልል ትምህርት ቢሮና ወደ ትምህርት ሚኒስቴር የሚሄድ ነው።

ሦስተኛውን ቁልል ሰብስባችሁ፣ ሠንጠረዡን አያይዛችሁ፣ በዲኑ በኩል ላኩት። መልሱን ግን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። ካየኋቸው ሠንጠረዦች አብዛኛው ባዶ ሳጥን የሚወድቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁልሎች ነው። «ከላይ ካልተለወጠ ምን እናደርጋለን» የሚለው ንግግር ብዙ ጊዜ የሚሰማው ይህ ቁልል ከመለየቱ በፊት ነው።

7. ኮርስ አውትላይኑን እንደገና ጻፉ

አንድ ኮርስ ብቻ ምረጡ፤ ብዙ ባዶ ሳጥን ያለውን። በአውትላይኑ ላይ አንድ አዲስ ዓምድ ጨምሩ፦ «የሚያገለግለው የትምህርት ቤት ተግባር»። ዓምዱ ባዶ የሚሆንበት ሳምንት ሊኖር ይችላል፤ ሁሉም ሳምንት ባዶ ከሆነ ግን ኮርሱ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ነው።

የካርታ መስፈርትን በሦስት የክፍል ሰዓት እንዴት እንደምትመልሱት እነሆ።

በመጀመሪያው ሰዓት ሠልጣኞቹ ራሳቸው ያሰላሉ። 6 ሳ.ሜ × 50,000 = 300,000 ሳ.ሜ፤ ይህ 3,000 ሜትር፣ ማለትም 3 ኪሎ ሜትር ነው። መምህሩ በሰሌዳ ላይ እየሠራ ሲያዩ የገባቸው ይመስላቸዋልና እርሳስና ማስመሪያ በእያንዳንዱ እጅ ይኑር። መንገዱ ጠምዛዛ ሲሆን በክር ይለኩ።

በሁለተኛው ሰዓት የ7ኛ ክፍል መጽሐፍን ይገልጣሉ። የልጅ ስህተት የት ሊፈጠር እንደሚችል ይገምታሉ። ሳንቲ ሜትርን እንደ ሜትር ቆጥሮ «300 ኪሎ ሜትር» የሚል መልስ በየክፍሉ ይጠብቃችኋል። ከዚያ ለዚያ ልጅ ምን እንደሚሉት ይጽፋሉ።

በሦስተኛው ሰዓት ማይክሮ ቲቺንግ ነው። አንድ ሠልጣኝ በ10 ደቂቃ ያስተምራል፤ ሌሎቹ እንደ ተማሪ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ ግን ሆን ብለው ያንን የ300 ኪሎ ሜትር ስህተት ይሠራሉ። ያለ ስህተት የሚካሄድ ማይክሮ ቲቺንግ ቴአትር ነው፤ መምህርነት የሚፈተነው ልጅ ሲሳሳት ነው።

ሦስቱ ሰዓት ከየት ይመጣል? ደረጃ 4 ላይ «የተረፈ» ካልነው። ካልተገኘ ትርጓሜና ዝርዝር የሚሰጥበትን ሰዓት ወደ ንባብ የቤት ሥራ አውርዱት።

8. ፈተናውን ለውጡ

ይህን ደረጃ ከዘለላችሁት የቀደሙት ሁሉ ይፈርሳሉ። ሠልጣኝ የሚያጠናው የሚፈተነውን ነው፤ አውትላይኑ ተለውጦ ሚዱ ያው «ተርጉም፣ ዘርዝር» ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት ያውቅባችኋል።

የቀድሞው ጥያቄ፦ የካርታ መስፈርትን ተርጉም፤ ዓይነቶቹንም ዘርዝር።

የተሻሻለው፦ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ በ1፡50,000 ካርታ ላይ የለካችውን 6 ሳ.ሜ «300 ኪሎ ሜትር» ብላ መለሰች። ሀ) ትክክለኛው መልስ ስንት ነው? ለ) ስህተቷ ከምን መጣ? ሐ) እንድታርመው የሚረዳ አንድ ጥያቄ ጻፍላት።

አንዱ ጥያቄ ይዘቱንም፣ የልጅን አስተሳሰብ ማንበብንም፣ ማስተማርንም ይለካል። ሁሉንም ጥያቄ እንዲህ ማድረግ አይጠበቅባችሁም፤ እርማቱም ከባድ ነው። ከአጠቃላይ ነጥቡ ሲሶው እንኳ እንዲህ ቢሆን የጥናቱ አካሄድ ይለወጣል።

9. ፕራክቲከሙን ከሠንጠረዡ ጋር እሰሩት

ሠልጣኙ ትምህርት ቤት ሲላክ «ታዘብ» ብቻ ተብሎ አይላክ። «ተሞክሯል» የሚለው ሳጥን ባዶ ከሆነባቸው ረድፎች ሁለት ወይም ሦስት ይሰጡት። ለምሳሌ፦ የአካባቢውን ንድፍ ካርታ ከተማሪዎች ጋር ሥራ፤ ከቀበሌው አንድ አዛውንት ወይም እናት የሰማኸውን ታሪክ መጽሐፉ ከሚለው ጋር ልጆቹ እንዲያነጻጽሩ አድርግ፤ ከወረዳው የተገኘ የሠንጠረዥ መረጃን ወደ ግራፍ አሠራ።

ያንኑ ረድፍ አማካሪ ሆኖ ለሚከታተለው የትምህርት ቤት መምህር ስጡት። ምን እንደሚጠበቅ ካላወቀ የሚሞላው ቅጽ «በጣም ጥሩ» የሚል ይሆናል። ፖርትፎሊዮው ውስጥ የዕለት ትምህርት ዕቅድ ብቻ ሳይሆን የሦስት ተማሪ ሥራ እንዲገባ ጠይቁ፤ ከጓደኛ የተገለበጠ ዕቅድ በቀላሉ ይገኛል፣ የልጅ እጅ ጽሑፍ ግን አይገኝም።

10. አንድ ሴሚስተር ሞክሩ፣ ከዚያ አስፉ

በአንድ ኮርስ ጀምሩ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ያንኑ ሠንጠረዥ እንደገና ሙሉ፣ ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ። ከዚያ ሁለተኛውን ኮርስ ያዙ። አራት ኮርስ በአንድ ጊዜ የጀመረ የትምህርት ክፍል በኅዳር ተዳክሞ በጥር ይተወዋል።

ማስጠንቀቂያዎች

አከራካሪ ታሪክን አትዝለሉ። በክፍል ውስጥ ከተለያየ ቤት የመጡ ልጆች ስለ አንድ ንጉሥ ወይም ስለ አንድ ጦርነት የተለያየ ነገር ሰምተው ይመጣሉ። ሠልጣኙ ዝም ብሎ ቢያልፈው ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ይጣሉበታል፤ የራሱን አቋም ቢሰብክም ክፍሉን ለሁለት ይከፍለዋል። የሚለማመደው ሦስት ነገር ይሁን፦ መጽሐፉ የሚለውን በግልጽ ማቅረብ፣ «ይህን በምን እናውቃለን?» ብሎ ማስረጃ ማስጠየቅ፣ ስድብ ሲነሳ ማስቆም። ይህን ያለ ልምምድ የሚችል ጀማሪ መምህር ብዙ አላየሁም፤ ስለዚህ ማይክሮ ቲቺንግ ላይ አንድ እንዲህ ያለ ርዕስ አስገቡ።

ኮሌጁን የተማሪው መጽሐፍ ቅጂ አታድርጉት። መናበብ ማለት የ7ኛ ክፍልን መጽሐፍ ለሠልጣኝ ማንበብ አይደለም።

ሠልጣኞቻችሁ ወደተለያየ ቋንቋ ወይም ክልል የሚሰማሩ ከሆነ አንድ ሠንጠረዥ ለሁሉም አይሠራም። ተግባሮቹ የጋራ ሆነው የቃላት ገጹና ምሳሌዎቹ በየቋንቋው ይዘጋጁ።

የፈተና ወረቀቶችን ለዚህ ሥራ ስትሰበስቡ ዘንድሮ የሚሰጡትን አትቀላቅሉ። ከውጭ የተጋበዘ ሰው ባለበት ጠረጴዛ ላይ ያለፈው ዓመት ብቻ ይቀመጥ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ሠንጠረዡን አንድ ሰው ቢሮው ተቀምጦ ይሞላዋል። ሌሎቹ ይፈርማሉ። እንዲህ የተሞላ ሠንጠረዥ ባዶ ሳጥን የለውም፤ ባዶ ሳጥን የሌለው ሠንጠረዥ ስታዩ ጠርጥሩ።

የዘዴ መምህሩና የይዘት መምህሩ አይነጋገሩም። የጂኦግራፊው «ማስተማሪያ ዘዴ የእኔ አይደለም» ይላል፣ የዘዴው ደግሞ «ካርታ የእኔ አይደለም» ይላል፤ ሠልጣኙ በመሐል ይቀራል። መፍትሔው በየወሩ አንድ ሰዓት ሁለቱ አብረው የሚገቡበት ክፍል መመደብ ነው። ሁለት መምህር በአንድ ሰዓት ሲገባ የሥራ ጫና አቆጣጠር ላይ ጥያቄ ስለሚያስነሳ ቀድማችሁ ከዲኑ ጋር ጨርሱት።

«አዲስ ሞጁል እስኪመጣ እንጠብቅ» ይባላል። የክፍተቶቹ ትልቁ ክፍል ሞጁል ሳይነካ የሚዘጋ ነው፤ ደረጃ 6ን እንደገና እዩት።

የትምህርት ቤት መምህራን በመጀመሪያው ስብሰባ ተጠርተው ከዚያ ይረሳሉ። ቢያንስ ደረጃ 7 ላይ የተጻፈውን አውትላይን አሳዩአቸውና «ይህ በእናንተ ክፍል ይሠራል?» በሏቸው።

ተመራቂ ከወጣ በኋላ የሚጠይቀው የለም። በመጀመሪያው ሴሚስተር መጨረሻ ለአምስት ስድስት ተመራቂዎች ደውሉና ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ሳትዘጋጅበት የገባህበት ምዕራፍ የትኛው ነው? ኮሌጅ ከተማርከው እስካሁን አንድ ጊዜም ያልተጠቀምክበት ምንድን ነው? ልጆቹ ጠይቀውህ መልስ ያጣህለት ጥያቄስ? መልሱን በስልክ ላይ እያላችሁ ቀጥታ በሠንጠረዡ ረድፍ ላይ ጻፉት፤ በማስታወሻ ደብተር የቀረ መልስ ለሚቀጥለው ዓመት አውትላይን አይደርስም።